ከሮድኒ ቤይ እስከ ሴንት ጆርጅስ፦ በሸራ ጀልባ የተደረገ የአሥር ቀን ጉዞ የሥራ ማስታወሻ

ጃንዋሪ 8 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.፣ ሜሪላንድ

የገና ማግስት በመሆኑ አራታችንም ሥራ አልነበረንም፤ ስለዚህ የባሕር ካርታውን በምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስናወራው የከረምነውን ጉዞ በወረቀት ላይ አሰፈርነው። በካሪቢያን ባሕር ካለችው ከሴንት ሉሲያ ደሴት ተነሥተን፣ ሴንት ቪንሰንትን እና የግሬናዲን ደሴቶችን አልፈን፣ ግሬናዳ ላይ ጀልባዋን እናስረክባለን። መንገዱ በጠቅላላው 140 የባሕር ማይል ገደማ፣ ማለትም 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በርዝመቱ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ከሚወስደው መንገድ ብዙም አይለይም፣ እኛ ግን አሥር ቀን መድበንለታል።

ከሰሜን ወደ ደቡብ መሄድን የመረጥነው በነፋሱ ምክንያት ነው። በዚያ አካባቢ ትሬድ ዊንድ የሚባለው ነፋስ ከምሥራቅ በኩል ሳያቋርጥ ይነፍሳል፤ ደሴቶቹም ወደ ደቡብ ምዕራብ እየጎበጡ ስለሚወርዱ፣ ወደ ግሬናዳ የሚወርድ ጀልባ ነፋሱን በግራ ጎኑና ከኋላው ያገኘዋል፤ በተቃራኒው የሚጓዝ ግን ማዕበሉን ፊት ለፊት እየተጋፈጠ መውጣት ይኖርበታል። ወሩንም የመረጥነው በዚሁ ስሌት ነው። የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 የሚቆይ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በዲሴምበርና በጃንዋሪ የአገሩ ሰዎች የገና ነፋስ የሚሉት ኃይለኛ ነፋስ ይነሣል። ፌብሩዋሪ ከሁለቱም ይሻላል።

አራታችንም የተማርነው በቼሳፒክ ወሽመጥ ነው። የአሜሪካ ሴይሊንግ አሶሲዬሽን 101፣ 103 እና 104 የሚላቸውን ትምህርቶች አጠናቅቀናል፤ የመጨረሻው ያለ ካፒቴን ጀልባ ተከራይቶ ለመጓዝ የሚያበቃው ነው። የሥራ ክፍፍላችን እንዲህ ሆነ፦ እኔ የጉዞውን መስመርና የየዕለቱን ማስታወሻ እይዛለሁ፤ የመኪና መካኒክ የሆነው ጓደኛችን ሞተሩን፣ ባትሪዎቹንና ፓምፖቹን ይረከባል፤ ነርሷ እኅታችን መድኃኒቱን፣ ውኃውንና ምግቡን ትቆጣጠራለች፤ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ መሪውን ይይዛሉ። ሃያ ዓመት ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው፤ ትዕግሥታቸውንና የዓይናቸውን ንቃት አውቀዋለሁና መሪው ከእሳቸው እጅ እንዲወጣ አልፈልግም።

የሚያሳስበኝ ሸራው ሳይሆን መልሕቁ መሆኑን ዛሬ በግልጽ ተነጋገርን። ቼሳፒክ ጭቃ ነው፤ ጥልቀቱም ትንሽ ነው፤ መልሕቅ እንዴትም ተደርጎ ቢጣል ጭቃው ይይዘዋል። በካሪቢያን ግን አንዱ ወደብ አሸዋ፣ ሌላው የባሕር ሣር፣ ሦስተኛው ኮራል ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ከዳርቻው ጥቂት ሜትር እንደራቁ ወደ ጥልቅ ገደል ይወርዳል። ቀን ላይ የሚፈጸም የሸራ ስሕተት ሸራውን በማውረድ ይታረማል፤ ሌሊት ሁሉም ተኝቶ ሳለ የሚለቅ መልሕቅ ግን ጀልባን ከድንጋይ ጋር ያጋጫል። ስለዚህ ይህ ማስታወሻ በአብዛኛው የመልሕቅ ማስታወሻ ይሆናል።

ጃንዋሪ 22

ዛሬ የስንቁ ተራ ነበር። ነርሷ እኅታችን ትኩስ እንጀራ በዚያ ሙቀትና እርጥበት ከአራት ቀን በላይ እንደማይቆይ አስልታ፣ ሠላሳ እንጀራ ቆርሳ አድርቃ ድርቆሽ አዘጋጅታለች። አባቶቻችን ለረጅም መንገድ የያዙት ስንቅ ለባሕርም የተሠራ ይመስላል፤ ክብደት የለውም፣ አይሻግትም፣ ማዕበል እያናወጠም በአንድ ድስት ላይ ፍርፍር ይሆናል። ሽሮ፣ በርበሬና የተቆላ ቡና ታሽገው ተቀምጠዋል። ሥጋ የአገር መግቢያ ቁጥጥር ላይ ስለሚያስቸግር ቋንጣው ይቀራል።

ፌብሩዋሪ 11፣ ሮድኒ ቤይ፣ ሴንት ሉሲያ

ጀልባዋን ተረከብን። ርዝመቷ 12 ሜትር፣ ከውኃው በታች የሚሰምጠው ክፍሏ 2 ሜትር ነው። ርክክቡን የሚያደርግልን ሠራተኛ በአንድ ሰዓት ሊጨርስ አስቦ ነበር፤ እኛ አራት ሰዓት ፈጀንበት፤ እሱም በትዕግሥት አብሮን ቆየ። ሸራዎቹን አንድ በአንድ ከፍተን አየን፤ የሞተሩን ዘይትና ቀበቶ፣ የጋዙን መዝጊያ፣ በጀልባዋ ሆድ የሚጠራቀመውን ውኃ የሚያወጡትን ሁለት ፓምፖች፣ የቪኤችኤፍ ሬዲዮውን እና የላይፍ ጃኬቶቹን ፈተሽን።

ብዙ ጊዜ የወሰደው ሰንሰለቱ ነው። ሰንሰለቱ 50 ሜትር ርዝመት አለው ተብሏል፤ ነገር ግን በየአሥር ሜትሩ የተቀባው የርዝመት ምልክት ቀለሙ ተፍቆ ጠፍቷል። ምልክት በሌለበት ስንት ሜትር እንደ ለቀቅን ልናውቅ አንችልም። ስለዚህ ሰንሰለቱን በሙሉ በወደቡ መድረክ ላይ ዘርግተን በሜትር ለካነው፤ ርዝመቱም በእርግጥ 50 ሜትር ሆነ፤ መካኒኩ በሻንጣው ይዞት ከመጣው የፕላስቲክ ማሰሪያ በየአሥር ሜትሩ ቋጠረበት፤ በአሥር አንድ አረንጓዴ፣ በሃያ ሁለት ቢጫ፣ በሠላሳ ሦስት ቀይ፣ በአርባ አራት ነጭ። የሰንሰለቱ ቀለበቶች ዝገት እጃችንን አጠቆረው፤ ቢሆንም ከዚህ በኋላ በጨለማም ቢሆን በጣት እየዳሰሱ መቁጠር ይቻላል።

ማታ የነገውን መስመር ስሠራ ያለንበትን ቦታ ከካርታው አነበብኩ፦ 14 ዲግሪ ከ4 ደቂቃ ሰሜን። ይህ የአክሱም ኬክሮስ ነው ማለት ይቻላል። የመጨረሻው ወደባችን ሴንት ጆርጅስ ደግሞ 12 ዲግሪ ከ3 ደቂቃ ላይ ነው፤ ላሊበላም እዚያው መስመር ላይ ናት። ሳናስበው ከአክሱም እስከ ላሊበላ የሚወርድ መንገድ አውጥተናል ብዬ ለጋሼ ነገርኳቸው፤ ካርታውን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ በዝምታ ሲመለከቱት ቆዩ።

ፌብሩዋሪ 12፣ ፒቶኖቹ ሥር

18 ማይል፣ ቀላል ቀን። ሱፍሪዬር ከተማ ወርደን ከሴንት ሉሲያ የመውጫ ወረቀታችንን አስጨረስን። ፒቶኖች የሚባሉት ሁለት ተራሮች ከባሕሩ ዳር ቀጥ ብለው ከ700 ሜትር በላይ ከፍ ይላሉ፤ ከ2004 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሥራቸው የተጠበቀ የባሕር ክልል ስለሆነና ጥልቀቱም ስለማይመች መልሕቅ መጣል የተከለከለ ነው፤ ጀልባ የሚታሰረው ከባሕሩ ወለል ጋር በተያያዘ ተንሳፋፊ ቡይ ላይ ነው። በእንጨት ጀልባ የመጣ አንድ ወጣት ገመዳችንን ተቀብሎ አሰረልን፤ ዋጋውን ከማሰሩ በፊት ተነጋግረን ስለነበር በሰላም ተለያየን።

ፌብሩዋሪ 13፣ ከፒቶኖቹ ወደ ቤኪያ

የጉዞው ረጅሙ ቀን ዛሬ ነበር፤ 52 ማይል። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥተን ቡይውን ለቀቅን፤ ምክንያቱም በማናውቀው ወደብ መልሕቅ የምንጥለው ፀሐይ ገና ከፍ ብላ ሳለች፣ የታችኛው አሸዋና ሣር በቀለም በሚለይበት ሰዓት እንዲሆን ስለወሰንን ነው።

በሴንት ሉሲያና በሴንት ቪንሰንት መካከል ያለው መተላለፊያ 25 ማይል ያህል ይሰፋል። በክፍት ውቅያኖስ የመጣው ነፋስ ሁለቱ ከፍተኛ ደሴቶች መካከል ሲገባ ይጠባል፤ ሲጠብም ይፈጥናል፤ ከውቅያኖሱ የሚመጣው ወራጅ ውኃም አብሮ ወደ ምዕራብ ይገፋል። ስለዚህ ገና ሴንት ሉሲያ ነፋሱን ከምትጋርድበት ሳንወጣ፣ ባሕሩ እንደ ሐይቅ በተኛበት ሰዓት፣ ዋናውን ሸራ አጥፈን አሳነስነው፤ የፊቱንም ሲሦውን ጠቀለልነው። ነርሷ ለምን በዚህ ፀጥታ እንደምንቸኩል ጠየቀችኝ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነፋሱ በአንድ ጊዜ ከ10 ወደ 24 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው) ዘለለ፤ ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው ሞገድ ከግራ እየመጣ ከሥራችን ያልፍ ጀመር፤ ጀልባዋ ግን ተጨናንቃ ሳትጋደም በ7 ኖት ሄደች። ሸራ የሚቀነሰው ነፋሱ ከመጣ በኋላ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ሞገድ ላይ ሁለት ሰው ወደ ምሶሶው ሥር መላክ ግድ ይሆን ነበር።

ጋሼ ሦስት ሰዓት ሙሉ መሪውን አለቀቁም። ሞገዱ የኋላውን ክፍል ሲያነሣው ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ለማዞር ትሞክራለች፤ እሳቸው ሞገዱ ከመድረሱ ትንሽ ቀድመው መሪውን በስሱ ያዞሩና ወዲያው ይመልሱታል። «ቁልቁለት ላይ ዝናብ ያራሰው አስፋልት ማለት ነው፤ ከተንሸራተተ በኋላ ብታዞረው ዋጋ የለውም» አሉኝ። መካኒኩ ሞተሩን ሊያይ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ሆዱን ያመው ስለነበር ዝንጅብል እያኘከ፣ ዓይኑን ከአድማስ ሳይነቅል ላይ ተቀመጠ፤ ከሰዓት በኋላ ተሻለው።

የሴንት ቪንሰንት ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ከሴንት ሉሲያው ከተማ ጋር በስም ብቻ የሚመሳሰለው የሱፍሪዬር እሳተ ገሞራ 1,234 ሜትር ከፍ ብሎ ቆሟል። በአፕሪል 2021 ፈንድቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከሰሜኑ ክፍል ተፈናቅለዋል፤ ከባሕሩ ሆነን ስናየው በጎኑ የወረደው አመድ ያጠበው ገደል ግራጫ መስመር ሆኖ በአዲሱ ለምለም መካከል ይታያል። ተራራው ነፋሱን ስለሚጋርደው ሞተር አስነሥተን በምዕራብ ዳርቻው ሁለት ሰዓት ሄድን፤ ከደቡብ ጫፉ ስንወጣ ሸራውን መልሰን ዘረጋን፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የቤኪያ ደሴት ወደብ ወደሆነው አድሚራልቲ ቤይ ገባን።

የመግቢያ ሥርዓት እስኪፈጸም የሚውለበለበውን ቢጫ የኳራንቲን ባንዲራ ሰቅለን መልሕቅ ጣልን። ጥልቀቱ 8 ሜትር፣ ሰንሰለቱ የሚወርድበት የፊት ጫፍ ከውኃው በላይ 1 ሜትር ነው። ዘጠኝ በአምስት ሲባዛ 45 ሜትር ሰንሰለት ያስፈልጋል፤ ነጩን ማሰሪያ አሳልፈን አምስት ሜትር ጨመርን። የሰንሰለቱ ርዝመት የሚበዛበት ምክንያት መልሕቁ ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይ እንዳይሳብ ነው፤ ወደ ጎን ሲሳብ ይቀበራል፤ ወደ ላይ ሲሳብ ይነቀላል። ሞተሩን ወደ ኋላ አስነሥተን ሳብነው፤ የቆመ መሰለን። ደክሞን ስለነበር ጠልቆ ያየው ሰው አልነበረም።

ፌብሩዋሪ 14፣ ቤኪያ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት

ጀልባዋ ከቦታዋ ስትሸሽ የሚጮኸው የስልኬ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ተነሥቼ ስወጣ ከኋላችን ታስሮ የነበረው ካታማራን (ጎን ለጎን የተያያዘ ሁለት አካል ያለው ጀልባ) ከመኝታችን በፊት 80 ሜትር ያህል ይርቅ የነበረው አሁን 30 ሜትር ላይ ነበር፤ በመብራቱ የገመዶቹን ቋጠሮ መለየት እችል ነበር። እጄን ሰንሰለቱ ላይ አኖርኩ። በደንብ የተያዘ ሰንሰለት ሲወጠር ዝም ይላል፤ ይህኛው ግን ከሥር ጋሪ በኮረት ላይ እንደሚጎተት በመዳፌ ውስጥ ያጉረመርም ነበር።

አራታችንም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቦታ ቦታችንን ያዝን። ጋሼ ሞተሩን አስነሥተው ጀልባዋን ቀስ እያሉ ወደ ነፋሱ ነዱ፤ መካኒኩ ሰንሰለቱን በሞተር ሳበ፤ እኔ ከፊት ጫፉ በባትሪ እያበራሁ ሰንሰለቱ በየት በኩል እንዳለ በእጄ ምልክት ሰጠሁ፤ ነርሷ ከኋላ ሆና ከካታማራኑ ጋር ያለውን ርቀት ጮክ ብላ ትናገር ነበር። መልሕቁ ከውኃው ሲወጣ የእንስራ ያህል የሚያክል የባሕር ሣር ክምር ከነሥሩ በአፉ ላይ ተቆልሎ ነበር። በአሸዋ ላይ የጣልን መስሎን የጣልነው በሣር ላይ ነው፤ የመልሕቁ ጫፍ ሣሩን ወግቶ አሸዋው ሳይደርስ ቀርቷል። ሣሩን በመንጠቆ ብረት ቧጥጠን ጣልነው።

ሁለተኛው ሙከራ እንደገና ተጎተተ። በሦስተኛው ወደ ዳርቻው ቀረብ ብለን፣ በባትሪው ብርሃን ወለሉ ነጣ ብሎ የታየበትን ቦታ በ5 ሜትር ጥልቀት መረጥን፤ 40 ሜትር ለቀቅን፤ ሰንሰለቱ ተዘርግቶ እስኪተኛ ድረስ ጠብቀን ሞተሩን ወደ ኋላ ቀስ በቀስ እያጠነከርን ሄድን። በዳርቻው ያለ አንድ የመንገድ መብራት ከኋላው ካለ ቤት መብራት ጋር አገጣጥሜ ተመለከትኩ፤ ሁለቱ መብራቶች አልተለያዩም። ሰንሰለቱን ስነካው ዝም አለ። እስኪነጋ ድረስ በየአንድ ሰዓት ተኩል እየተቀያየርን ጠበቅን፤ ነርሷ በመጀመሪያው ተራ ቡና አፈላች።

ያው ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ

እንደነጋ መነጽር አድርጌ ጠለቅሁ። መልሕቁ እስከ አንገቱ አሸዋ ውስጥ ተቀብሯል፤ የሚታየው የሰንሰለቱ የመጀመሪያ ቀለበት ብቻ ነው። ከዛሬ ጀምሮ መልሕቅ ተጥሎ ሰው ጠልቆ በዓይኑ ሳያየው፣ ቢደክመንም ቢርበንም፣ ሥራው አልቋል እንዳንል ተስማምተን በመዝገቡ የፊት ገጽ ላይ ጻፍነው።

ፖርት ኤልዛቤት ወርደን በጉምሩክና በኢሚግሬሽን በኩል የመግቢያ ሥርዓቱን ፈጸምን፤ ቢጫው ባንዲራ ወርዶ የሴንት ቪንሰንትና የግሬናዲንስ ባንዲራ ተሰቀለ። ከዚያ ወደ አትክልት ገበያው ሄድን፤ ሰዎች ራስታ ማርኬት ይሉታል። ዳቦ ፍሬ፣ ሙዝ፣ ቲማቲምና ካላሉ የሚባለውን ጎመን ገዛን። አንዱ ሻጭ ከየት እንደመጣን ሲጠይቅ ጋሼ ከኢትዮጵያ አሉት። ሰውየው ሚዛኑን አስቀመጠና ኮፍያውን አወለቀ። ጋሼ ልጅነታቸውን ሻሸመኔ ማሳለፋቸውን ሲሰማ ደግሞ ወንበር አቀረበላቸው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1948 ወደ አፍሪካ ለሚመለሱ የጥቁር ሕዝቦች የሰጡትን 200 ሄክታር መሬት ከእኔ ይልቅ በዝርዝር ያውቃል። ከመደርደሪያው በላይ በእንጨት ላይ በፊደላችን የተጻፈ ጽሑፍ ነበር፤ «ራስ ተፌሪ» ይላል። ሰውየው ከመጽሐፍ አይቶ ራሱ እንደጻፈውና የሚያርመው ሰው አግኝቶ እንደማያውቅ ነገረን። ጋሼ ከኪሳቸው ቢላዋ አውጥተው የ«ፌ»ን ቀለበት በጥንቃቄ ፋቁለት፤ እግሩንም በእስክሪብቶ አስተካከሉለት፤ ከዚያም አምስቱን ፊደላት አንድ በአንድ እየጠቆሙ አብረው አነበቡ።

ፌብሩዋሪ 15

ቤኪያ ላይ ዕረፍት። ነፋሱ 26 ኖት ስለደረሰ ነገን መጠበቅ ይሻላል ብለናል። የውኃ መለኪያው በአራት ቀን 150 ሊትር መጠቀማችንን ያሳያል፤ ነርሷ ዕቃ በባሕር ውኃ ታጥቦ መጨረሻ ላይ ብቻ በንጹሕ ውኃ እንዲለቀለቅ አዛለች።

ፌብሩዋሪ 16፣ ቶቤጎ ኬይስ

24 ማይል በግሩም ነፋስ። ቶቤጎ ኬይስ አምስት ትንንሽ ሰው የማይኖርባቸው ደሴቶች ናቸው፤ በስተ ምሥራቅ በኩል ሆርስ ሹ ሪፍ የሚባለው በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የተሠራ የኮራል ግንብ ይከልላቸዋል። ወደ ውስጥ ስንገባ ፀሐይዋን ከኋላችን አድርገን፣ እኔ ከፊት ቆሜ ቀለም እያነበብኩ ነው፤ ጥቁር ሰማያዊው ጥልቅ፣ ፈዘዝ ያለው አረንጓዴ አሸዋ፣ ቡናማው ኮራል ነው። በ4 ሜትር ጥልቀት ነጭ አሸዋ ላይ ጣልን፤ መካኒኩ ወዲያው ጠልቆ አየው፤ ተቀብሯል።

ይህ ቦታ ባሕር መሆኑን ለመቀበል ጊዜ ይወስዳል። ሪፉ ሞገዱን ይሰብረዋል፣ ነፋሱን ግን አያስቀረውም፤ ስለዚህ 20 ኖት ነፋስ በጠፍጣፋ ውኃ ላይ ይነፍሳል፤ ሰንሰለቱም እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ያድራል። ከሪፉ ወዲያ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ እስከ አፍሪካ ዳርቻ ድረስ መሬት የለም። ያንኑ መስመር ሳይለቅ አፍሪካን አቋርጦ የሚሄድ ሰው ጎንደር ይደርሳል፤ ሁለቱም በ12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ አካባቢ ናቸው።

ማታ ጨረቃ ስላልወጣች ሰሜን ኮከብን ፈለግን። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ የሚኖረው ከፍታ ተመልካቹ ካለበት ኬክሮስ ጋር እኩል ነው፤ ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ እጅ ደግሞ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ሜሪላንድ ላይ አራት ጭብጥ የምትሆነው ኮከብ እዚህ አንድ ጭብጥና አንድ ተኩል ጣት ላይ ቁልቁል ወርዳ አገኘናት። ጋሼ በልጅነታቸው ያዩዋት በዚሁ ዝቅታ እንደ ነበረ ተናገሩ፤ ሻሸመኔ ላይ ከአንድ ጭብጥ በታች መሆኗን ኬክሮሱን አይቼ አረጋገጥኩላቸው።

በአሸዋው ዳር ሎብስተር የሚጠብሱ ሰዎች አሉ፤ ማጥመዱ ከሴፕቴምበር እስከ አፕሪል መጨረሻ ስለሚፈቀድ አሁን ወቅቱ ነው። ጋሼና ነርሷ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር እንስሳ ስለማይበሉ ለእነሱ ቀይ ዓሣ ተጠበሰ። ጠባሹ ሰው ምክንያቱን በአክብሮት ጠይቆ ተረዳ፤ ለዓሣው የተለየ ፍርግርግ አጥቦ አቀረበ።

ፌብሩዋሪ 17

ጠዋት ባራዳል በምትባለው ደሴት ዙሪያ ከባሕር ኤሊዎች ጋር ዋኘን። አንዷ ኤሊ ሣር ስትግጥ ከላይ ሆኜ ሩብ ሰዓት ያህል አየኋት፤ ሣሩን ቆርጣ ታኝክና አንገቷን ወደ ላይ አንሥታ ለአየር ትወጣለች፤ አንድ ጊዜ ተንፍሳ እዚያው ቦታዋ ትመለሳለች። የቤኪያው መልሕቃችን የነቀለው ሣር የእነዚህ ፍጥረታት ምግብ መሆኑን ሳስብ አሸዋ የመምረጡ ጉዳይ የእኛ እንቅልፍ ብቻ አለመሆኑ ገባኝ።

ከሰዓት በኋላ የሚጎረብጥ ነገር ገጠመን። የመልሕቅ መሳቢያው ሞተር ሲጫን ጠቅ ከማለት በስተቀር አይዞርም። መካኒኩ ሁለት ሰዓት ሠራበት። መጀመሪያ በባትሪው በኩል ያለውን ፊውዝ ለካ፤ ደህና ነው። ከዚያ ሞተሩ ላይ የሚደርሰውን ቮልቴጅ ሲለካ፣ ሥራ ሳይኖር 12.6 ያሳይና ማብሪያው ሲጫን ወደ 6 ይወድቃል። ይህ ማለት የሆነ ቦታ መጋጠሚያው ላይ ጉልበቱ እየባከነ ነው። የሰንሰለቱን ሳጥን ከፍቶ በጭንቅላቱ ገብቶ ወፍራሙን ገመድ ተከተለ፤ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ብሎን ጨው በልቶት አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። ፈታው፣ በብርጭቆ ወረቀት ነሐሱ እስኪያበራ ፈተገው፣ ቅባት ቀብቶ መልሶ አጠበቀው። ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ዞረ።

እሱ እየሠራ ሳለ እኔ ሞተሩ ባይስተካከል ምን እንደምናደርግ አሰላሁ። የዚህ ሰንሰለት አንዱ ሜትር 2.3 ኪሎ ይመዝናል፤ በ4 ሜትር ጥልቀት ከወለሉ ተነሥቶ የሚንጠለጠለው ከ12 ኪሎ አይበልጥም፤ መልሕቁ ደግሞ 20 ኪሎ ነው። ስለዚህ ጋሼ በሞተር ወደፊት እየነዱ ሰንሰለቱን ካላሉ፣ ሁለት ሰው በጓንት ሊስበው ይችላል። ጥልቀቱ 15 ሜትር ቢሆን ግን ይህ ስሌት አይሠራም ነበር።

ዓርብ ስለሆነ እራት ሽሮ ነበር።

ፌብሩዋሪ 18፣ ካሪያኩ

ዩኒየን ደሴት ክሊፍተን ላይ ከሴንት ቪንሰንት የመውጫ ወረቀት አስጨርሰን፣ 10 ማይል ወርደን ካሪያኩ ገባን። ይህ የግሬናዳ ግዛት ነው፤ ሦስተኛው ባንዲራ ተሰቀለ፤ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ያለበት። ቲሬል ቤይ ላይ በ5 ሜትር አሸዋ፣ በመጀመሪያው ሙከራ፣ ተቀበረ። የግሬናዳ ዋና ደሴት ካርኒቫሏን በኦገስት ስታከብር ካሪያኩ ግን ከጾም በፊት ነው የምታከብረው፤ ሰኞና ማክሰኞ ስለሚውል በየደጁ ልብስ ይሰፋል፣ ከበሮ ይሞከራል። የእኛም ዐቢይ ጾም ሰኞ ይገባል፤ ቅበላውን ከሰው አገር ሰው ጋር የያዝን መሰለን።

[ጁላይ 2024 የተጨመረ፦ ይህን ማስታወሻ ስገለብጥ ሐሪኬን ቤሪል በጁላይ 1 ቀን 2024 ካሪያኩ ላይ አረፈች። የነፋሷ ፍጥነት በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በካሪያኩና በዩኒየን ደሴት አብዛኞቹ ቤቶች ጣሪያቸውን አጡ ወይም ፈረሱ፤ በቲሬል ቤይ የማንግሮቭ ዛፎች መካከል ብዙ ገመድና መልሕቅ ይዘው የተጠለሉ ጀልባዎች እንኳ ተከምረው ተገኙ። በየደጁ ልብስ ሲሰፉ ያየናቸውን ሰዎች እያሰብን አራታችን ያዋጣነውን ገንዘብ እዚህ በሚኖሩ የካሪያኩ ተወላጆች እጅ ልከናል።]

ፌብሩዋሪ 19፣ ወደ ሴንት ጆርጅስ

30 ማይል። ከካሪያኩ ወደ ግሬናዳ ምዕራብ ዳርቻ የሚወስደው ቀላሉ መስመር ኪክ ኤም ጄኒ በሚባል የባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራ ላይ ያልፋል። ከግሬናዳ ሰሜን 8 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ያለ ሲሆን፣ መኖሩ የታወቀው በ1939 ሲፈነዳ ነው። በላዩ 1.5 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ያለው ክልል ሁልጊዜ የተከለከለ ነው፤ እንቅስቃሴው ሲጨምር ክልሉ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ምክንያቱ ፍንዳታው ብቻ አይደለም፤ ከሥር የሚወጣው ጋዝ ውኃውን በአረፋ ስለሚሞላው ውኃው ጀልባ የመሸከም አቅሙን ያጣል። በካርታው ላይ ክቡን በቀይ እርሳስ ከብቤ፣ ከዚያ ውጪ ሁለት ማይል ተጨማሪ ዞረን በምሥራቁ በኩል አለፍን። ጋሼ እስክናልፈው ድረስ ከኮምፓሱ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም።

ከዚያ ወዲያ ግሬናዳ ነፋሱን ጋረደችልን። ከሰዓት በኋላ ሴንት ጆርጅስ ገብተን የመርከብ ማሰሪያው መድረክ ላይ ታሰርን። ከፒቶኖቹ ወዲህ መልሕቅ የማያስፈልገን የመጀመሪያዋ ሌሊት ዛሬ ናት፤ ቢሆንም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አራታችንም ነቅተን ተገናኘን። ድርቆሹ የቀረውን በቅቤ ፍርፍር ሠርተን ለቅበላ በላን።

ፌብሩዋሪ 20

ጀልባዋን አስረከብን። ተረካቢው ሠራተኛ ጠላቂ አስገብቶ የታችኛውን ክፍል አስፈተሸ፤ ጭረት የለም። የናፍጣ ታንኩ ሞላ፤ የመሳቢያው ሞተር ብሎን ጨው እንደበላው በመዝገቡ ላይ አስጻፍን። ሰንሰለቱን ሲያይ የቋጠርናቸውን ባለቀለም ማሰሪያዎች በመቁረጫ ሊያነሣ ቀረበ። መካኒኩ ምንነታቸውን ነገረው፤ አንድ አረንጓዴ አሥር፣ ሁለት ቢጫ ሃያ፣ ሦስት ቀይ ሠላሳ፣ አራት ነጭ አርባ። ሰውየው መቁረጫውን ወደ ቀበቶው መልሶ፣ ቁጥሮቹንና ቀለሞቹን በሰንሰለቱ ሳጥን ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በማርከር ጻፋቸው።